በበሩ በኩል የምታጎነብሰው መኪና

እትዬ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላት የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት እንኳ እግሯ ከፍሬኑ አይርቅም ነበር። ከፊቷ ያለው ሾፌር እታጠፋለሁ ብሎ ምልክት ቢያሳይ፣ "ሐሳቡን ቢቀይርስ?" ብላ ትጠብቀዋለች። ጓደኞቿ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" እያሉ ሲስቁባት፣ "አይጠፋማ" ብላ ታልፋቸዋለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አንድም ሰው አልገጨችም።

ጡረታ ስትወጣ ከታናሽ እህቷና ከእህቷ ባል ጋር ሆና አንዲት አሮጌ ቤት መኪና ገዛች፤ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ጠባብ መታጠቢያውም ውስጧ ያለ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤቷን ተሸክማ የምትሄድ። ሦስቱ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ እሷ ከፊት ባለው ክፍል፣ ባልና ሚስቱ ከጓሮ። ሐሳባቸው ወደ ባሕር መውረድ ነበር። ታናሿ ባሕር አይታ አታውቅም።

መኪናዋ ከኋላ በባሌስትራ ፋንታ ወፍራም የጎማ ከረጢት ውስጥ በተሞላ አየር ላይ ነው የምትቀመጠው። በየጎኑ አንዳንድ ቫልቭ አለ። ከቫልቩ የወጣች ትንሽ ክንድ በቀጭን ዘንግ ከታች ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት ጋር ተያይዛለች። መኪናዋ ዝቅ ስትል ክንዷ አየር ታስገባለች፣ ከፍ ስትል ታስወጣለች። እትዬ ፍሬን ይህን ከአውቶቡሶቿ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ለጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀር፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝታ ስትመለስ መኪናዋ በበሩ በኩል ጎንበስ ብላ አገኘቻት። ከረጢቱ አረጀ ማለት ነው ብላ አዘነች። እኩለ ቀን ላይ ከገበያ ስትመለስ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ቀረብ ብላ የሞተሩን ክዳን በእጇ ዳሰሰችው። ሞቋል። ማንም ግን ከግቢው አልነዳትም።

ሳሙና በጥብጣ፣ ከውጭ ሆና በረጅም ብሩሽ ከረጢቱንም ቱቦውንም ቀባች። አንዲት አረፋ አልወጣችም። አየሩ ካልሾለከ የት ገባ?

ማታ እራት ላይ የእህቷን ባል እጅጌ አየችው። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ንጽሕናው የታወቀ፣ ክር እንኳ ትከሻው ላይ ሲያድር የማይወድ። እጅጌው ጠርዝ ላይ ግን ጥቁር ግራሶ ተለድፏል።

"እጅጌህን ምን ነካው?"

"የስፌት መኪና ዘይት ነው፣ እትዬ።"

የስፌት መኪና ዘይት እንደ ውሃ የጠራ ነው። ይህን ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰውም ያውቃል። አላመነችውም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ሥራ አላጣም። በማግሥቱ አንድ የማታውቀው ሰው ከልብስ ሰፊው ጋር መኪናዋ በር ላይ ቆሞ፣ ከመሬት እስከ ደረጃው በሜትር ሲለካ አገኘችው። ሲያያት ሜትሩን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። "የሰፈር ሰው ነው" አላት የእህቷ ባል፣ ሳትጠይቀው። ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮው ክፍል ስትገባ ባልና ሚስቱ የያዙትን ወሬ ቆረጡት። እህቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "ነይ፣ ተቀመጪ እትዬ" አለቻት፤ ወትሮ ግን ለታላቋ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አለች በሆዷ። ሊሸጧት ነው። የተበላሸች አስመስለው ተስፋ ሊያስቆርጡኝ፣ ከዚያ በርካሽ ለዚያ ባለ ሜትር ሊሰጧት። ነገሩን ባሰበችው ቁጥር ይበልጥ ልክ ሆኖ ታያት። እህቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ነገር ደብቃት አታውቅም፤ አሁን ግን ባል ያስረሳል።

ወደ ድሮ የሥራ ባልደረባዋ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ እስክትጨርስ ሰማት።

"ካልሾለከ ሰው አስወጥቶታል" አላት። "ዘንጓን ፈትቶ ክንዷን ወደ ታች ቢይዛት ቫልቩ መኪናው ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ አየሩን ይለቃል። መልሶ አስሮ ሞተር ካስነሳ ደግሞ ትሞላለች። ማነው የሚነካት?"

"የቤት ሰው" አለች።

"እንግዲያው ተጣይው፣ አስታርቁኝ በይ፣ እንደፈለግሽ አድርጊ። ከሥሯ ብቻ እንዳይገባ። በአየር የቆመ መኪና ቆመ አይባልም።"

በማግሥቱ ጠዋት የዳቦ ዘንቢሏን ይዛ የግቢውን በር ከፈተች፣ መልሳ በኃይል ዘጋችው፣ ሳትወጣም ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ቆመች። ብዙም አልቆየ። ልብስ ሰፊው በነጠላ ጫማ፣ ቁልፍ መፍቻ ይዞ ብቅ አለ። ግራ ቀኝ አየ። ሌባ ነው የሚመስለው። የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ እንዴት እንደምትጀምር ጭምር።

ሰውየው ግን በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱንና አንድ ትከሻውን በጎማውና በመኪናዋ አካል መካከል አስገባ፤ ዘንጓን ፈትቶ የቫልቩን ክንድ በእጁ ያዘ። ጎማዎቹ ሥር ታኮ የለም። ከሻንሲው ሥር ድጋፍ የለም። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ አልጋና ምድጃ በአንገቱ ላይ በአየር ተንጠልጥሏል።

ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው። ብትጮህ ይደነግጣል። ቢደነግጥ እጁ የያዘውን ክንድ ይዞ ይወርዳል። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ቀስ ብላ ሄደችና ከእግሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"ወንድሜ፣ እኔ ነኝ" አለችው በለሆሳስ። "አልተቆጣሁም። እጅህን ካለበት ሳታወርድ መጀመሪያ ራስህን አውጣ። ቀስ ብለህ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ውጣ።"

ራሱ ወጣ፣ ትከሻው ተከተለ፣ በመጨረሻ እጁ የቫልቩን ክንድ ለቀቀ። ዘንጓ አስቀድማ ተፈትታ ነበርና ክንዷ በራሷ ክብደት ዘመመች። አየሩ እያፏጨ ወጣ። መኪናዋ ወደ እነሱ አጎነበሰች፣ አጎነበሰችና የአካሏ ጠርዝ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ራሱ የነበረበት ቦታ አሁን እጅ አያስገባም።

ልብስ ሰፊው ቁጭ ብሎ ቦታውን አየው። "እስከ ዛሬ ትንሽ ትንሽ ብቻ ነበር የምትወርድልኝ" አለ።

"ለምን? ለማን ልትሸጧት?"

"ማንን?" አለ ግራ ተጋብቶ።

የመለሰችላት እህቷ ናት። የጓሮውን ክፍል ግድግዳ ተደግፋ መጥታለች፤ አንድ እግሯን እየጎተተች። "ጉልበቴ ነው እትዬ። ደረጃው ከፍ አለብኝ። አንቺ ስትወጪ ዝቅ ያደርግልኛል፣ ወጥቼ ዕቃ አስተካክላለሁ። ካወቅሽ ጉዞው ይቀራል ብዬ አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ባለ ሜትሩስ?"

"ብየዳ ሠራተኛ ነው። ተጨማሪ ደረጃ ሊሠራልን።"

እትዬ ፍሬን ወዲያው አላመነችም። እህቷን ከራስ እስከ እግሯ አየቻት፤ ቀለበት መንገድ ላይ ምልክት ያሳየ መኪና የምታይ ይመስል። ከዚያ ከቀሚሷ ሥር ያበጠውን ጉልበት አየች፣ ተንበርክካም ዳሰሰችው። ትኩስ ነው። ተቀይማለች፤ ግን የተቀየመችው በማን እንደሆነ ሊለይላት አልቻለም። በመኪናዋ ዙሪያ ስትዞር ሰንብታ፣ የእህቷን እርምጃ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አላየችም።

መካኒኩ መጥቶ ዘንጓን ከውጭ ሆኖ በረጅም መንጠቆ መለሳት፣ ሞተሩ ሲነሳም መኪናዋ ቀና አለች። ወደ ጋራዡ ወስደዋት፣ ሜዳው ላይ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ከሻንሲው ሥር የብረት ድጋፎች አስገቡ። ከዚያ በኋላ ነው መካኒኩ እጁን ያስገባው። ከፍታው ፋብሪካው በለጠፈው ሰሌዳ ላይ ያለው መሆን አለበት አላቸው፤ ዝቅ ብላ ከሄደች ጎማው አካሉን ይፈትጋል፣ ከፍ ካለች መታጠፊያ ላይ ትወዛወዛለች። የዘንጓን ማጥበቂያ አላልቶ ጥቂት አዞረ፣ አየሩ እስኪረጋ ጠበቀ፣ ለካ፣ እንደገና አዞረ። በሁለቱም ጎን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ያዘለት፤ በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

"ለጉልበቷ መኪናውን አታዋርዱ" አለ መካኒኩ ሲጨርስ። "ደረጃውን አውርዱት።"

ብየዳ ሠራተኛው ደረጃውን ሠራ። ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ ከጉዞው መልስ ሕክምና እንድትጀምር ቀጠሮ ሰጣት። እትዬ ፍሬን የሐኪሙን ቃል ከራሱ አፍ ካልሰማሁ ብላ አብራ ገብታ ሰማች።

ጉዞው አልቀረም። መጀመሪያ ዕረፍት ያደረጉበት ቦታ ላይ እህቷን "እውነቱን ንገሪኝ፣ ያምሻል?" አለቻት።

"ያመኛል።"

እትዬ ፍሬን ጥቂት አሰበች። ትራስ አምጥታ ከጉልበቷ ሥር አደረገችላት፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ወደ ባሕሩ ነዳች።