ጂን የገባበት ካሴት

ናስር አሮጌ ቴፕ የሚፈታው ትንፋሹን ይዞ ነው። ዓመታት ተዘግቶ የኖረ ቴፕ ሆዱ ሲከፈት ምን እንደሚሸት ያውቀዋል፤ የበረሮ ጠረን፣ ሻጋታ፣ የተቃጠለ አቧራ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ላስቲክ ነው። ሲያረጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል። አንዴ ጣት ከነካ በሳሙናም በነጭ ጋዝም አይለቅም። ናስር ለዙህር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ከጥፍሩ ሥር ጥቁሩን እየፋቀ፣ "ምን ዓይነት እርኩስ ነገር ነው!" ይላል። ሰግዶ ይመለስና እዚያው ይዘፈቃል።

ሥራው ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ነው። ጥገናን ያስተማረው የለም፤ እያበላሸ ተማረው። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ጓዳው በተበለቱ ቴፖች ስለተሞላ ሰፈርተኛው "የናስር መቃብር" ይለዋል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣበት አንድ ካሴት ነው። አባቱ ሼህ ዐብዱልከሪም ከመሞታቸው በፊት ሽፋኑ በወለቀ አንድ አሮጌ ቴፕ መንዙማ የቀዱበት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መሐሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ታፍኖ ሰው የማያውቀው ቋንቋ ይጀምራል። ታላቅ እኅቱ ዙበይዳ ያኔ "ጂን ገብቶበታል" ብላ በሻሽ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ዘንድሮ መውሊድ ሲቃረብ ግን ራሷ አወጣችው።

"ዓይኔ ደክሟል፤ ጆሮዬም ሳይከተለው አባባን ልስማው" አለችው።

"ጂኑስ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ናስር የፈራው ጂኑን ሳይሆን ቴፑን ነው። ካሴት የማይበላ ቴፕ አልነበረውም። አዘዞ ካለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከሰውአገኝ ለመለዋወጫ ብሎ አንድ ገዛ። ጓዳ አስገብቶ ቢፈታው የአይጥ ጎጆ ነው። ፀጉር ያላወጡ የአይጥ ልጆች በሽቦው መሐል ይርመሰመሳሉ፤ የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አፍንጫውን ይዞ ደወለለት።

"ሰውአገኝ፣ ምንድን ነው የሸጥክልኝ?"

"ምነው አያ ናስር? ነፍስ ያለው ዕቃ ነው አላልኩም?"

"ነፍስስ አለው! አይጥ ወልዳበታለች!"

"በሉ ለእናቲቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ!"

ጆሮው ላይ ዘጋበት። ያም ሆኖ የዚያ ግም ቴፕ ሞተር ደኅና ነበር። በአፍንጫው ላይ ሻሽ አስሮ፣ ጎጆውን ከነልጆቹ አውጥቶ፣ በጥጥና በአልኮል ጠርጎ፣ ሞተሩን ፈቶ ወደ ራሱ ቴፕ አዛወረው። በማይፈለግ ካሴት ደጋግሞ ሞከረው፤ አልበላም።

ዙበይዳን ጠራት። የአባታቸው ድምፅ ሲወጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ያ የታፈነ ቋንቋ ጀመረ።

"አዑዙ ቢላህ! አጥፋው!" ብላ ብድግ አለች።

ናስር ካሴቱን አውጥቶ ክሩን ቀስ ብሎ ሳበው። ከክሩ ላይ ቀይ ነገር ደርቆ አየ።

"እቴ ዙበይዳ፣ ይኼ ኩቴክስ የማን ነው?"

"የእኔ ነዋ። ቴፑ በልቶ ሲበጥሰው እኔ አይደለሁ የቀጠልኩት? ያኔ ሁሉም በኩቴክስ አልነበር የሚቀጥል?"

"ገልብጠሽ ነው የቀጠልሽው! ሁለተኛውን ገጽ ነው ወደ ኋላ እያነበበ ያለው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የፈራሁት…"

"የጥፍር ቀለምሽን ነው።"

ቆርጦ፣ አዙሮ፣ በቀጭን ፕላስተር ቀጠለው። ካሴቱን መልሶ ከተተና ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። መንዙማው ካቆመበት ቀጠለ፤ እስከ መጨረሻውም ጠርቶ ወጣ። ድቤው ዝም ካለ በኋላ አባታቸው ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ ተሰማ።

"የቱ ነው የሚያጠፋው? ኧረ እጄን አጣበቀኝ! ምንድን ነው ይኼ ጥቁር ነገር? እትፍ! ምን ዓይነት እርኩስ ነገር ነው!"

ዙበይዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ናስር የጠቆረ ጥፍሩን አየና "አልሐምዱሊላህ" አለ።

"መልሰው፣ እትፍ ያለበትን" አለችው።

ቴፑን ግን አሁንም አላመነውም። ካሴቱን አወጣና በእስክሪብቶ ወደ ኋላ ያጠነጥነው ጀመር።