ከመጋረጃው የተረፈ

ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት የሰው ጨርቅ ከመንካቷ በፊት የስፌት መኪናዋን ዘይት ታጠጣና በአንድ ብጣሽ ላይ ትሞክራታለች። ክሩ ሳይቋጠር፣ ስፌቱ ሳይዘል ከሄደ ብጣሹን ጥላ ሥራዋን ትጀምራለች። ያን ሰሞን ግን ብጣሹን አትጥለውም ነበር። ትልልቅ ወርቃማ ቅጠል ያለበት ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ነው። በጣቶቿ እሽት ታደርገውና ፈገግ ትላለች።

ጨርቁ ከባሏ ታላቅ እህት የሳሎን መጋረጃ የተረፈ ነው። ሴትዮዋ የሚኖሩት ትልቁ ከተማ ውስጥ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ "እትዬ" ይላቸዋል። ሰፊዋም ፊት ለፊት "እርስዎ" ትላቸዋለች፤ በሆዷ ግን ከአምና ወዲህ "አንቺ" ሆነዋል።

አምና ቤተሰቡ ከተማ ሊያይ በሄደ ጊዜ እትዬ ሐይቅ ዳር ባለ ምግብ ቤት እራት ጋበዙ። አንዲት ወዳጃቸው ወደ ጠረጴዛው መጥታ፣ "ይቺስ ማን ናት?" ብላ ጠየቀች። እትዬ ሹካቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ "መጋረጃ ሰፊያችን ናት" አሉ። የወንድሜ ሚስት አላሉም። ባሏ ሰምቷል፤ ጉንጩን እንደሞላ ሳህኑን ሳህኑን አየ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እትዬ ረስተውት ዘንድሮ ደግሞ አንድ ጣቃ ጨርቅ ላኩና መጋረጃ አዘዙ። ሰፍታ ላከችላቸው። ከዚያ ደውላ የተረፈውን ምን እንደምታደርገው ብትጠይቅ፣ "ለልጅሽ ቀሚስ አድርጊበት፤ ለእናንተ ሰፈር ምን አነሰው?" አሏት።

"እሺ እትዬ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ" አለች። ስልኩን ስትዘጋ የዘንድሮው ሽርሽር ዕቅድ በልቧ ተነድፎ አልቆ ነበር።

ማታ በእራት ላይ ለባሏ ዘረዘረችለት። ቅዳሜ ከተማ ይገባሉ። ቀን ልጅቷ አንበሳ ታያለች፣ ከዚያ ሐይቁን በጀልባ ይዞራሉ፣ ማታ እዚያው ምግብ ቤት እራት ይበላሉ።

"እትዬን ዘንድሮ እኛ ነን የምንጋብዛቸው" አለች። "የልጃቸውን እጮኛ ወላጆችም ጭምር።"

"እነሱን ደግሞ ለምን?"

"መጋረጃውን ከውጭ አገር አሰፍቼ አስመጣሁት ብለው ያሳዩት ለእነሱ ነው፤ ራስህ አይደለህ የነገርከኝ? እኛ ሦስታችን በዚያው ጨርቅ ሽክ ብለን ስንገባ ያውቁታል።"

ባልየው መብራት ገጣጣሚ ነው፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። "እኔንም መጋረጃ ልታለብሺኝ?"

"ኮሌታ ያለው መጋረጃ።"

"ቂም ይዞ ጸሎት ሲባል ሰምቻለሁ። ቂም ይዞ ሽርሽር ግን ያንቺ ፈጠራ ነው።"

"ያን ቀን ጉንጭህን ባትሞላ ኖሮ ዘንድሮ መጋረጃ አትለብስም ነበር።"

ባልየው የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። እሷም ሳህኖቹን አነሳች።

ከደንበኞቿ ሥራ በተረፋት ጊዜ ሁሉ ቆረጠች፣ ሰፋች። ለማንም ያላደረገችውን ጥንቃቄ አደረገች። ወርቃማው ቅጠል ልክ ደረት ላይ እንዲያርፍ አስተካከለች፤ ከሩቅ የሚያይ እንኳ እንዳይሳሳት። ከመጋረጃው የተረፈውን ዘርፍ ለራሷ ቀሚስ መቀነት አደረገችው። ወደ ምግብ ቤቱ ማን ቀድሞ እንደሚገባም ወስናለች። ልጅቷ ናት። እትዬ መጀመሪያ የሚያዩት ትንሿን መጋረጃ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷን በርጩማ ላይ አቁማ ቀሚሱን ለካችላት። ልጅቷ ወገቧን ይዛ መስታወቱ ፊት ተሽከረከረች።

"እማ፣ አክስቴ ትወደዋለች?"

ሰፊዋ አፏ በመርፌ ቁልፍ ተሞልቶ ነበርና "እህ" ብቻ አለች።

"አምና ያላቀፈችኝ ልብሴ አስቀያሚ ስለነበር ነው። ይሄን ስታይ ግን ታቅፈኛለች።"

ሰፊዋ የመርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች። እትዬ በሩ ላይ ሲያይዋት የሚያደርጉትን ፊት ብዙ ሌሊት በደስታ በሐሳቧ ስትስለው ከርማለች፤ ያ ፊት የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ግን አስባው አታውቅም ነበር።

"አውልቂው፣ እናቴ።"

"አልሆነኝም?"

"ሆኖሻል። በሰማያዊው ጨርቅ ሌላ እሰፋልሻለሁ።"

ልጅቷ አኮረፈች። ባልየው ይህን ከበር ላይ ሰምቶ፣ "ተመስገን፣ ተውሽው ማለት ነው" አለ።

"ለእሷ ተውኩት። እኔ ግን እለብሰዋለሁ፤ ብቻዬንም ብሆን ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።"

ባልየው ከበሩ ዞር ብሎ ሄደ። እሷም አልጠበቀችም፤ ከአምና ጀምሮ ከእሱ መልስ መጠበቅ ትታለች።

ዓርብ ማታ የልጅቷን ሰማያዊ ቀሚስ ልትተኩስ ስትሄድ ካውያው ግሎ አገኘችው። ባሏ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴውን ሸሚዝ ይተኩሳል። ከደረቱ ቅጠል ላይ አንዲት ጨምዳዳ አልለቅ ብላው ትታገለዋለች።

"ይሞቃል ይሄ ነገር" አለ ቀና ሳይል።

"መጋረጃ ነዋ።"

"የጠየቀን ሰው ካለ፣ ሚስቴ ናት የሰፋችው እላለሁ።"

ሰፊዋ ካውያውን ከእጁ ወሰደችና ጨምዳዳዋን ራሷ አቃናችለት።

አውቶቡሱ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ማታ ለእራት እትዬ ከልጃቸው እጮኛ ወላጆች መሀል ይቀመጣሉ፤ ሰፊዋና ባሏ ፊት ለፊታቸው።