ከጀለቢያው ጀርባ ያስተማርኩት

የጸጥታ ሰዎች ከክፍል ነው የወሰዱኝ። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማግኒዥየም ጥቅልል አግኝተው «ፈንጂ ልትሠራበት ነው» አሉኝ። ሲነድ ብርሃኑን ለተማሪ ለማሳየት ነው ብል ማን ይስማኝ! ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ዘጉብኝ። የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳል። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ፣ አጠገቡ ግማሽ ጆንያ ኖራ። እዚያ የታሰርነው ሁሉ መጸዳጃችን እሱ ነበር።

እኔ ደግሞ ኩራተኛ ነኝ። ሰው ፊት ከምቀመጥ ልሙት ብዬ ያዝኩት። በማግስቱ የጠጣሁት ውሃ ሆዴን አገላበጠውና ባልዲው ጋ ሳልደርስ ሱሪዬ ላይ አመለጠኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ አንድ የቀን ሠራተኛ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መተማ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ሐጂ ተነሡ። ጀለቢያቸውን አውልቀው በከናቴራ ቀሩና ጨርቁን ዘርግተው ጋረዱኝ።

«ፊት ወደ ግድግዳ!» አሉ።

ለካ የቤቱ ደንብ ይኸው ኖሯል፤ እኔ ግን አፍሬ ሳልጠይቅ ታፍኜ አደርኩ። ሁሉም ዞረ፣ የሳቀውም ጭምር። ጸጥታው ግን ባሰብኝ፤ የሆዴ ድምፅ ሁሉ ይሰማል።

«መምህር» አሉ ሐጂ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ያሳሰረህ ብረት ምንድን ነው? ጮክ ብለህ ንገረን እስቲ።»

ገባኝ። ባልዲው ላይ እንደተቀመጥኩ ጀመርኩ።

«ማግኒዥየም ይባላል። ካልሲየም፣ ስትሮንሺየም፣ ባሪየም በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ውስጥ ያሉ ዘመዶቹ ናቸው። እሳት ላይ ባሪየም አረንጓዴ፣ ስትሮንሺየም ቀይ ነበልባል ያወጣል። ሁሉም ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ለሌላ ይሰጣሉ። ስለዚህ በተፈጥሮ ብቻውን የሚገኝ የለም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ጋር ተጣምሮ ነው።»

«እኛ አገርስ አለ?» አለ የሳቀው ሰውዬ፣ ግድግዳውን እያየ።

«አጠገቤ አለ። ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው።»

«በል ዝም በል! በሱም ይከሱናል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ስጨርስ ኖራ ነሰነስኩበት። ሐጂ ዞር ሳይሉ «ሱሪህ እስኪታጠብ» ብለው ጀለቢያውን ወደ ኋላ አቀበሉኝ። በዚያ ነጭ ልብስ ውስጥ መቆም ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ዛሬም አስተምራለሁ። እዚያ ዓምድ ላይ ስደርስ አሁንም ፊቴ ይግላል። ተማሪ ለመውጣት እጁን ሲያነሣ ወዴት አልለውም። ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጮክ ብዬ አስተምራለሁ።