ጎሐ ጽዮን ላይ የጠፋው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ልደታ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ሲቀመጥ ሞተሩን አላጠፋውም ነበር። ጎረቤቴ አልማዝ መስኮቷን እየዘጋች፣ "በጭስ ሊፈጀን ነው እንዴ? ምናለ ቢያጠፋው!" አለች።

"ተይው፤ ጭኖ ዳገት ወጥቶ ነው የመጣው። ይብረድለት" አልኳት።

"ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ይህን የተማርኩበት ነገር የሆነው መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ የአባቴ፣ የታናሽ ወንድሜ የግርማና የእኔ ሆኖ ነበር። አባቴ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ታደሰ የሚላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ጭነት መኪና ነድተዋል። አንድ አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ነበረቻቸው፤ የምንበላው ከእሷ ነው። አዳዲሶቹ የጃፓን መኪናዎች ከመጡ በኋላ ግን ሥራ ራቃት። ጭነት ትችላለች፤ ዳገት ላይ ግን እግረኛ ይቀድማታል።

አንድ የእህል ነጋዴ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ከደጀን ጠዋት ጭነው ሳይመሽ አዲስ አበባ ከገቡልኝ በየሳምንቱ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ካልሆነ ለወጣቶቹ እሰጠዋለሁ" አላቸው። አባቴ ይህን ሲነግሩን ራት ላይ ነበርን። እንጀራውን አጥፈው ጎረሱ። ግርማ ግን ማሰብ ጀመረ።

ግርማ አብነት አካባቢ በአንድ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ከተጋጨ መኪና ላይ የተፈታ ቱርቦ አገኘ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚሽከረከር፣ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስገባ ነገር ነው። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ናፍጣ ይቃጠላል፤ ጉልበት ይጨምራል። ግን የአባቴ ሞተር ሲሠራ ለዚህ አልታሰበም። ከቱርቦው ጋር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለነበር አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። እኔ እያነበብኩ አስረዳዋለሁ፤ እሱ በዘይት ጣቱ ሥዕሉን ይከተላል።

ቱርቦውን ከገጠመላት በኋላ ካሚዮኗን ድንጋይ ጭኖ እንጦጦ ዳገት ላይ ይፈትናት ነበር። በየሙከራው ናፍጣውን በትንሹ ይጨምራል። በሦስተኛው ሙከራ የጭስ ማውጫው እንደ ከሰል ፍም ቀላ፤ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያም ተቃጠለ። ሳምንት ሙሉ ጠግኖ ትንሽ መለስ አደረገውና፣ "ከዚህ በላይ ይፈነዳል፣ ከዚህ በታች አባይን አይወጣም" አለ።

አባቴ ዙሪያዋን ዞረው አዩና፣ "አሮጊቷን ልትድራት ነው?" አሉት።

ጉዞው ጥር ላይ ሆነ። ግርማን የጋራዡ ባለቤት ፈቃድ ስለከለከሉት እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ስንነሳ ግርማ በጋቢናው መስኮት በኩል ሁለት ነገር አደራ አለኝ። "እታለም፣ ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ቀይ ሲነካ ንገሪያቸው። ደግሞ ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፉት። አምስት ደቂቃ እንደሞቀ ይሥራ። ካጠፉት ዘይቱ ይቋረጥና ቱርቦው ነክሶ ይበላሻል። እኔን አይሰሙኝም፤ አንቺ ንገሪያቸው።"

ደጀን አድረን በማግስቱ ጠዋት የነጋዴውን ጤፍ ጭነን ወደ በረሃው ወረድን። ሙቀቱ ከመንገዱ እየተነሳ ፊት ይመታል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ቱርቦው ማፏጨት ያዘ፤ ቀጭን፣ ከፍ እያለ የሚሄድ ፉጨት ነበር። ካሚዮኗ ወጣች። ከቤት የያዝኩትን ጭኮ በማንኪያ ለአባባ አቀብላለሁ፣ ዓይኔን ግን ከመርፌው አልነቅልም።

"አባባ፣ ቀዩን ነካ።"

"እሺ" ይሉና ማርሽ ይቀንሳሉ። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ እሺ አሉኝ። አባቴ በመኪና ጉዳይ ሰው ሲሰሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት አዳዲስ መኪናዎች ቀደምን። አባባ የሚያውቁትን ዘፈን በአፍንጫቸው ያዜሙ ነበር።

ጎሐ ጽዮን ላይ ገመዱንና ጎማውን ለማየት ቆምን። የሚያውቋቸው ሹፌሮች ከሻይ ቤቱ ወጥተው ከበቡን።

"ጋሽ ታደሰ! ምን አብልተዋት ነው?"

"በአውሮፕላን ነው የመጡት እኚህ ሰውዬ!"

አባባ ሳቁ። እየሳቁም እጃቸው ወደ ሞተር ማጥፊያው ሄደ። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቆሙ ያጠፋሉ፤ ናፍጣ ይቆጥባል፣ የደከመ ሞተርም ያሳርፋል ብለው ያምናሉ። እጃቸው ሲሄድ አየሁት። የምለውን መንገዱን ሙሉ በልቤ ይዤዋለሁ፦ አባባ፣ አያጥፉት። ግን በሥራ ባልደረቦቻቸው ፊት፣ በዚያች የደስታቸው ሰዓት፣ ሴት ልጃቸው እንዴት ታርማቸው? ማጥፊያውን ሳቡት። ዝም አለ።

ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ፉጨቱ የለም፣ በፈንታው ብረት ከብረት ይፋጫል። የዚያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው።

"ግርማ ሳይበርድ እንዳይጠፋ ብሎ ነበር።"

"መቼ?"

"ስንነሳ።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ግቢ እንግዲህ" አሉ።

እየቆምን እያዘገምን አዲስ አበባ የገባነው በሦስተኛው ቀን ነው። ነጋዴው ሥራውን ለሌላ ሰጥቷል። ግርማ የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ አየና ወደ እኔ ዞረ። "አልነገርሻቸውም?"

አፌን ሳልከፍት አባባ ቀደሙኝ። "ነግራኛለች። አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እኔም ዝም አልኩ። ካሚዮኗ በዚያው ዓመት ተሸጠች፤ አባባ እስኪሞቱ የሰው መኪና ነዱ። ግርማ አዳማ ሄዶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ቤት ሲመጣ ከእኔ ጋር ያወራ ነበር፤ ለአባባ ግን ሰላምታ ብቻ። እሳቸው ምንም ብለው አያውቁም፤ እኔም አላልኩም።

ያ ገልባጭ መኪና በቆመበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለግርማ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት።

"ስንት ደቂቃ ጠፍቶ ቆየ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ።"

"እ።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "አባባን እኮ፣ እታለም፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አብረውኝ መኪና ስር እንዲገቡ አልጠየቅኳቸውም። ደስ ይላቸው ነበር።"

"ደስ ይላቸው ነበር" አልኩት።

ሰው ጨዋ ናት ይለኝ ነበር፤ አሁንም ይለኛል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ጨዋነት፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደሆነ እኔ ራሴ ለይቼ አላውቅም። አባቴ ግን ያን ቀን ጎሐ ጽዮን ላይ አይተው የለዩት ይመስለኛል። ለይተውም ሸፈኑልኝ፤ የሸፈኑኝ ግን የወንድ ልጃቸውን ፍቅር ከፍለው ነው። ግርማ ስልኩን ሲዘጋ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።