የዓይናለሙ ጉድጓድና ጥቁሩ ስክሪን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም የመሥሪያ ቤቷን ላፕቶፕ ከአንድ ሰፊ ስክሪን ጋር ልታገናኝ የምግብ ጠረጴዛችንን ያዘች። ገመዱን ሰካች፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ። እርሷ ስትነጫነጭ እኔ ሳላስበው ክንዴን ወደ ስክሪኑ መስተዋት አስጠጋሁ።

«አቦይ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ።

መልሱ ረዥም ነው።

ላፕቶፕ ብርቅ በነበረበት ዘመን መቐለ ውስጥ በአንድ የውኃ ጥናት ጽሕፈት ቤት የምሠራ ወጣት ነበርኩ። የምኖረው ሓድነት፣ ቧንቧው ከውኃ ይልቅ ነፋስ በሚተፋበት ሰፈር ነበር፤ ጎረቤቶቼ ከንጋት ጀምረው ጄሪካን ይደረድራሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በሚባል ቦታ አዲስ የተቆፈረው ጉድጓድ በቂ ውኃ እንዳለው ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ማስረጃ ካላቀረብኩ ጉድጓዱ ይታሸጋል፣ የመቆፈሪያው መኪናም ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። የልኬቱ ውጤት በሙሉ ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው። የሌሊቱ ዝናብ አፈሩን አጥቦ የመንገዱን ድንጋይ አግጥጦታል። ከዓይናለም ስንመለስ ባልደረባዬ ሰይድ፣ ጨዋታ የማያልቅበት የደሴ ልጅ፣ ከመንገድ ዳር በለስ ገዝቶ እየላጠ ይበላል። እኔ የበለስ እሾህ ያለበትን እጅ ለቀናት ማከክ ስለማልወድ አልነካሁም።

«አንተ እኮ በለስንም በላቦራቶሪ ሳታስመረምር አትቀምስም!» ይለኛል።

ገና ሳልመልስለት መኪናችን አንድ ጅረት ላይ ዘለለችና ላፕቶፑ ከጭኔ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ስከፍተው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ውስጡ እንደ ወትሮው ይሽከረከራል። ነፍሱ አለች፤ የጠፋው ዐይኑ ነው።

የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር። የክፍሉ እመቤት ጸሐፊያችን ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው፤ በዚያ ቀን ለቅሶ ሄደዋል። ኮምፒውተራቸው ለጥገና ተልኮ ስክሪኑ ብቻ፣ ራሳቸው በጠለፉት ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። አለቃችንን አስፈቅደን ዳንቴሉን አነሣን። ላፕቶፑን ከስክሪኑ ጋር በገመድ አገናኘሁ፤ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ መመሪያው እንደሚለው ምስሉን ወደ ውጭ ስክሪን የሚያሻግሩትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። የስክሪኑ አረንጓዴ መብራት በራ፤ መስተዋቱ ግን ጥቁር። ነቅለን እንደ ገና ሰካን፤ ጥቁር። ግቢው ውስጥ የኮሚቴው መኪኖች ሲቆሙ ተሰማን። ሰይድን ጨዋታው ጠፍቶት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«በቃ፣ ሞቷል» አለና በስክሪኑ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። ወዲያውም እጁን ሰበሰበ። «ወላሂ፣ ይህ የበለስ እሾህ ዛሬ አይለቀኝም! ክንዴ ድረስ ገብቷል።»

እጁን አየሁ፤ ስክሪኑን አየሁ። በለስ ያልነካውን የራሴን ክንድ አስጠጋሁ። ጠጉሬ ተነሥቶ ቆመ፤ መስተዋቱም በቀስታ ተንጣጣ።

«እሾህ አይደለም ሰይድ! የሚነዝርህ የመስተዋቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስክሪኑ እየሠራ ነው። ብርሃኑ ነው ዝቅ ያለው!»

ከስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ሥር ዳስሼ አንዲት ትንሽ መዘውር አገኘሁና በአውራ ጣቴ አዞርኳት። ከጥቁሩ ውስጥ ቁጥሮቼ በየተራቸው ብቅ አሉ፤ የጉድጓዱ ውኃ በፓምፕ እየተሳበ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከዚያም ሳይነጥፍ ጸንቶ ሲቆም። በካልሲዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ገቡ።

«እዋይ ደቀይ! ልጆቼ፣ መብራቱን ማን ነው ከፍ ያደረገው?»

«እርስዎ ነዎት እንዴ ዝቅ ያደረጉት?» አለ ሰይድ።

«ታዲያስ! ፋኖስ ዝቅ ተደርጎ አይደል የሚታደረው? ማታ ማታ ዐይኑ ይረፍ ብዬ ነው።» ነገሩን ስንነግራቸው ለቅሷቸውን ረስተው ሣቁ። «ከመሬት ሥር ያለውን ውኃ እናያለን ባዮች! አፍንጫችሁ ሥር ያለው ጠፋባችሁ?»

«ይስደቡን እናቴ» አለ ሰይድ፣ ጨዋታው ተመልሶለት፤ «ዛሬ ቢገርፉንም እናመሰግናለን።»

ኮሚቴው በእርሳቸው ትእዛዝ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሰብሳቢው፣ አውራ ጣታቸው ከተቀደደ ካልሲ ብቅ ብላ፣ ስክሪኑን ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ይህማ አይታሸግም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መልካም ዜና ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ትከሻዬን ያቀለለኝ ግን አላስታውስም።

የሰላም ስክሪን የቸገረው ሌላ ነገር ኖሮ፣ የገመዱን ቦታ ስትለውጥ በራ። ውኃ ዛሬም በፈረቃ ነው፤ በዚያው ምሽት የእኛ ሰፈር ተራ ደርሶ ቧንቧው አስሎ አስሎ ውኃው ወረደ። እኔም ጥቁር ሆኖ የታየኝን ሁሉ ሞቷል ለማለት የማልቸኩለው ከዚያ ቀን ወዲህ መሆኑን አሰብኩ።

ልጄ ሥራዋን ስትጨርስ ከስክሪኑ ሥር ዳስሼ ብርሃኑን ዝቅ አደረግሁ።

«አቦይ፣ በራሱ ይጠፋል እኮ!»

«ዐውቃለሁ» አልኳት። «ዐይኑ ይረፍ ብዬ ነው።»