ሃያ ሦስት ቤት ከጨረቃ በፊት

ታክ ዶክሱን ቁጭ ብላ ስትበላ ያየ ሰው በሶልጌ መንደር የለም። ሩዟን ከሳህኑ እየዛቀች በር ላይ ትቆማለች፤ አንድ እግሯ ውጭ፣ አንድ እግሯ ውስጥ። በክረምት ብርድ መረብ ላይ የሚበቅለውን ጥቁር የባሕር ሣር ልትሰበስብ ጀልባ ላይ ስትወጣ ገመዱ እስኪፈታ አትጠብቅም። ሞተሩን ቀድማ አስነስታ የወደቡን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ከነሥሩ ነቅላለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ "ጉንዳን የገባባት" ብለን የምንጠራት ከሙሽርነቷ ጀምሮ ነው።

ይህች ችኮላዋ በዓመት አንድ ቀን በደንብ ታስከፍላታለች። የአዲስ ዓመት የመጀመሪያዋ ጨረቃ በምትሞላበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ የአንድ ሰው ስም ትጠራላችሁ። ሰውየው "አቤት" ካለ "ወበቄን ግዛኝ!" ትሉታላችሁ። በቃ፣ ተሸጠ፤ እኛ ጋ በጋ የሚሆነውን የሐምሌና የነሐሴን ሙቀት እሱ ያልበዋል። ዝም ካለ ግን ሻጩ ከነወበቁ ይቀራል። ስለዚህ በዚያች ጠዋት አስተዋይ ሰው ስሙ ሲጠራ ከንፈሩን ይነክሳል። ዶክሱን ግን አርባ ዓመት ሙሉ "አቤት" እንዳለች አለች። በሐምሌ ላቧ ሲንቆረቆር እያየን "የመንደሩን ሁሉ ተሸክማ" እያልን እንስቃለን።

ያን ዓመትም ገና ሳይነጋ ጎረቤቷ እትዬ ቡንናም ከአጥሩ ወዲያ ተጣሩ። እትዬ ቡንናም ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የአኩሪ አተር ስጎ በመጣል አገር ያወቃቸው ሴት ናቸው።

"ዶክሱን!"

"አቤት!"

"ወበቄን ግዢኝ!"

"ኧረ እትዬ ቡንናም፣ ዛሬ እንኳ ቢተዉኝ ምን አለ! ዛሬ እኮ አለቃ ነኝ!"

"አለቃም ያልበዋል" አሉና ወደ ማጀታቸው ገቡ።

አለቃ ነኝ ማለቷ እውነቷን ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ከዚህ የበለጠ የምወደው ጨዋታ የለኝምና።

የመንደራችን ቡድን አሥራ አንድ ሰው ነው። በዚያች ዕለት ከቤት ቤት እየዞርን፣ ነሐሱንና ከበሮውን እየመታን ግቢውን በረገዳ እንረግጣለን። ክፉው መንፈስ እንዲተኛ፣ ደጉ እንዲነቃ ነው። ቤቱ የሚፈልገን ከሆነ ደጁ ላይ ትንሽ ገበታ ያስቀምጣል፦ አንድ ሳህን ሩዝ፣ ሩዙ ላይ የተተከለ ሻማ፣ አንድ ጥቅል ክር። መጀመሪያ "ጌታው፣ በሩን ክፈቱ!" እያልን በሩ ላይ እንመታለን። ከዚያ ግቢው፣ ከዚያ ማጀቱ፣ ከዚያ ስጎና ሚጥሚጣ ሊጥ የሚብላላባቸው ጋኖች የተደረደሩበት መደብ፣ በመጨረሻ ውሃው፣ ማለት የግቢው ጉድጓድ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ምት፣ የራሱ ምርቃት አለው። ጋኖቹን ሦስት ጊዜ ነው የምንዞራቸው፤ በዝግታ፣ ምክንያቱም ስጎ በጩኸት አይበስልም።

ፊት ፊት የሚሄደው ትንሹን ነሐስ፣ በመዶሻ የሚመታውን ሳህን መሳይ ደወል፣ የያዘው ሰው ነው፤ እሱ አለቃ ይባላል። ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ይመልሳል፤ ሌላው ይከተለዋል። ከኋላ ትልቁ ነሐስ አለ። ክብደቱ ክንድ ይቆርጣል፤ የሚመታው ግን ምቱ አንድ ዙር ሲሞላ አንዴ ብቻ ነው። እም...ም...ም ብሎ ይሄዳል፤ ድምፁ ሲያልቅ ደግሞ አንዴ። ማንም ሊይዘው አይፈልግም። እሱ ባይኖር ግን ከበሮዎቹ ድንበር እንደሌለው ማሳ ናቸው፤ የማን የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ዶክሱን ይህን ትልቅ ነሐስ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክማዋለች። የሰጧት አለቃ ፕዮ ጊልዋን ናቸው፤ ጀልባ የሚጠርቡ፣ ቡድኑን አርባ ዓመት የመሩ ሽማግሌ። ከማንም በላይ የሚቁነጠነጥን ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስጠብቀውን ሥራ ሰጧት። እሷም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትንሹን ነሐስ ምት በአፏ እያንቆረቆረች፣ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ በማንኪያ እየመታች ኖረች። ስለዚህ በመኸር የአለቃ ፕዮ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ሲል ምቶቹን በሙሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ትንሹን ነሐስ ሰጧት። ትልቁ ለእኔ ወደቀ።

ታዲያ አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት አለቃ ፕዮ እግራቸው ከብዶ ጨረቃዋ ስትወጣ ሰባት ቤት ተርፎብን ነበር። ጨረቃ ከወጣች በኋላ አይረገጥም፤ የተረፈ ቤት በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ይደረስለታል፤ ወጉ ይህ ነው። የመንደሩ ሊቀመንበር ማ ጆንግዱ ግን በስብሰባ ላይ ተነሳና ቁርጡን ተናገረ።

"ዘንድሮም አንድ ቤት ከተረፈ ለከርሞ ከከተማ ባለሙያ ነው የምናስመጣው። ወጣቶች ናቸው፣ ባርኔጣቸው ላይ ሪባን ያሽከረክራሉ። አደባባይ ላይ አንድ ሰዓት ይመቱልናል፤ አለቀ።"

"ማጀቴን ከአደባባይ ሊረግጡልኝ ነው?" አሉ እትዬ ቡንናም።

"በድምፅ ማጉያ፣ እትዬ። ማጀትዎ ድረስ ይሰማል።"

"ጆንግዱ፣ አንተን እናትህ በድምፅ ማጉያ ነው ያሳደገችህ?"

ሁሉም ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ግን ቃሉን አላጠፈም። ዶክሱን አልሳቀችም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው ትንሽ ነሐስ በእጇ በገባ በዓመቱ ሊወሰድባት ነው። ሃያ ሦስት ቤት አለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት። በጣቷ ስታሰላ፣ ስታሰላ፣ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች።

በዕለቱ ልክ በሦስት ሰዓት ከመንደሩ ዛፍ ሥር ተነሳን። ተነሳን ልበል እንጂ ተወረወርን ማለት ይሻላል። አምና የተረፉትን ሰባት ቤቶች እንደ ወጉ አስቀደምን፤ ዶክሱን እንደ ነፋስ አሳለፈችን። "ጌታው፣ በሩን ክፈቱ!" ብለን ሳንጨርስ ግቢው መሃል ነች። ምርቃቱን በአንድ ትንፋሽ ታዥጎደጉደዋለች። የስድስት ቤት ያህል ቆይቶ ወገበ ቀጭኑን ከበሮ የሚመታው ሰው፣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

"ዶክሱን፣ መንፈሱን ነው ወይስ እኛን የምትረግጪው?"

"ማታ ትተኛለህ! ና!"

እኔማ ከነጭራሹ ጠፋሁ። ዙሩ ሞላ ብዬ ነሐሱን ሳነሳ እሷ ሁለተኛውን ጀምራለች፤ ደርሼ ስመታ ደግሞ ሦስተኛው መሃል ይገባል። ሰው ተሰብስቦ እያወራ ድንገት በር ጓ ብሎ እንደሚዘጋ ዓይነት ነው። እሷ ግን ደስ ብሏታል፤ ጉንጯ ቀልቷል፤ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንደኛው ቤት፣ የእትዬ ቡንናም ቤት፣ ተጠናቀቀ። ቀጥለን ወደ አሥራ ሁለተኛው በር እየተጠጋን ሳለ ከኋላችን ጩኸት መጣ።

"ቁሙ! አቁሚያቸው አንቺ!"

እትዬ ቡንናም ናቸው፤ የስጎ ጭልፋቸውን እንደ ዱላ ይዘው፣ አንድ እግራቸው ባዶ።

"ጋኖቼስ?"

ዶክሱን አፏን ከፈተች። ከማጀቱ ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የወሰደችን። መደቡን ዘላዋለች። በዚህ መንደር ቁርስ መዝለል ይቻላል፣ ሠርግ መዝለል ይቻላል፤ የእትዬ ቡንናምን ጋን የዘለለ ግን አልተወለደም።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ ተመልሼ አሁኑኑ..."

"አሁኑኑ የሚባል የለም! ከበሬ ወጥታችኋል። በሩን ክፈቱ ብላችሁ ልትለምኑኝ ነው፤ ከመጀመሪያው። ስጎዬ ዘንድሮ ቢሻግት በማን አመካኛለሁ? በጆንግዱ ድምፅ ማጉያ?"

ልክ ነበሩ። አንዴ ከበር የወጣ ቡድን እንደ እንግዳ ነው የሚመለሰው። ሻማው እንደገና ተለኮሰ፤ በሩ፣ ግቢው፣ ማጀቱ፣ መደቡ፣ ውሃው፤ ሁሉም እንደገና። እትዬ ቡንናም ከጋኖቹ አጠገብ ቆመው ዙራችንን በጭልፋው ይቆጥራሉ። "አንድ... ሁለት... ቀስ በይ፣ ያኛው ጋን አምስት ዓመቱ ነው፣ አይደነግጥ... ሦስት።"

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወሬው እኛን ቀድሞ መንደሩን ዞረ። ጠዋት የተረገጠላቸው ሰዎች በየደጃቸው ወጡ። "እኛ ጋ ውሃውን አልመረቃችሁም።" "የእኔን ማጀት በሩ ላይ ቆማችሁ ነው የመታችሁት፤ አይቻለሁ።" የሚያስተባብል ምን አለ? ሦስት ቤት ተመልሰን ደገምን። ዶክሱን ከንፈሯን እየነከሰች፣ አሥር ጊዜ ፀሐይዋን እያየች ደገመች። ከዚያ በኋላ መዝለል አልደፈረችም፤ እግሯ ግን መሬቱን እንደ ጋለ ምጣድ ነው የሚነካው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለት ቤት ቀረን። አንደኛው ወደቡ ዳር ያለው የሊቀመንበር ማ ቤት፤ ሁለተኛው ኮረብታው አናት ላይ ያለው የአለቃ ፕዮ። ጊዜው ለአንዱ ይበቃል። ከቆምንበት መንታ መንገድ ቁልቁል ስናይ የሊቀመንበሩ ገበታ ይታያል፤ ሩዙ እንደ ክምር ተቆልሏል፤ ሻማው የክንድ ያህል ነው። እሱ ራሱ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ሁለቱንም እንሩጥባቸው" አለ ባለ ከበሮው፣ እያለከለከም ቢሆን። "በሩንና ግቢውን ብቻ። ማን ይቆጥራል?"

ጭልፋቸውን እንደያዙ ሲከተሉን የዋሉት እትዬ ቡንናም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዶክሱን ቁልቁል አየች። ሽቅብ አየች። ቁልቁል ያለው ቤት ትንሹን ነሐስ ሊነጥቃት የሚችለው ሰው ቤት ነው። እሱን ብቻ ብትረግጥ፣ ምናልባት የሽማግሌውን ቤት እንደ ቤት ላይቆጥረው ይችላል። ተቁነጠነጠች፤ አንድ እርምጃ ወደ ታች ወረደች፤ ተመለሰች።

"አንዱን" አለች። "ሙሉውን። ሽቅብ።"

አለቃ ፕዮ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተኝቷል። ገበታውን በግራቸው እንዳዘጋጁት ያስታውቃል፤ ሩዙ ተበትኗል፣ ሻማው ዘሟል። በሩን መታን፣ ግቢውን ረገጥን። ጨረቃዋ ልትወጣ የምሥራቁ ባሕር ነጣ ብሏል፤ ዶክሱን ይህን አየችና ፈጠነች። እኔም እንደ ልማዴ ተሳሳትኩ።

"አንተ!" አሉኝ አለቃ። "ያንን ነሐስ ወዲህ በለው። በር እየዘጋህ ነው እንጂ እየመታህ አይደለም።"

ከበረንዳው ምሰሶ ላይ አንጠለጠልኩላቸው። በግራቸው መዶሻውን ጨበጡና መቱ። እም...ም...ም። ድምፁ ወደ ማጀቱ ገባ፣ በጋኖቹ ዞሮ ወጣ። ዶክሱን ዙሩን ጨርሳ ሁለተኛውን ልትጀምር ዞር ብላ አየቻቸው። አልመቱም። መዶሻውን ይዘው ድምፁ እስኪያልቅ ያዳምጣሉ። ምን ታድርግ? ጠበቀች። ትከሻዋ እየዘለለ፣ ተረከዟ እየተነሳ፣ ግን ጠበቀች።

"ጨረቃዋ እየወጣች ነው፣ አለቃ!"

"ትውጣ። ሥራዋ ነው።"

መቱ። ባለ ከበሮው ትንፋሹ ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አንዳችንም አንድ ቦታ ላይ ነበርን።

"ሠላሳ ዓመት ይህን ለምን የሰጠሁሽ ይመስልሻል?" አሉ አለቃ።

"ክንዴ ስለወፈረ!"

"እሱም አለ" አሉና መቱ።

ወደ መደቡ ሄድን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀሩት ሦስት ጋኖች ናቸው። አንድ ዙር። ሁለት። ሦስተኛውን ስንጀምር ሊቀመንበር ማ ኮቱን በእጁ ይዞ ዳገቱን እየሮጠ መጣ።

"እትዬ ዶክሱን!"

ዶክሱን መምታቷን ቀጠለች።

"እትዬ ዶክሱን! ኧረ እትዬ ዶክሱን!"

ሁላችንም ሰማን፤ እሷም ሰምታለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጥሯል። ስሟ ሲጠራ "አቤት" ሳትል የቀረችበትን ቀን እኔ አላውቅም። ዙሩን ጨረሰች፤ ወደ ውሃው ሄደች፤ መረቀች። አለቃ የመጨረሻውን መቱ። ድምፁ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ አለቀ። ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ባሕሩ ላይ ቆማለች።

"አቤት" አለች ዶክሱን።

"የእኔ ቤትስ?"

"ጨረቃ ወጣች። አይረገጥም።"

"ቤት ከተረፈ ብዬ ነበር እኮ..."

"ብለሃል። ተርፏል። ያንተ። የከተማዎቹን ጥራ እንግዲህ። የእናትህ ጋኖች ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳሉ ግን እኛ ነን የምናውቀው፤ ንገራቸው።"

የሊቀመንበሩ እናት በሕይወት ሳሉ ጋኖቹ ከጓሮ፣ ከዚያ ከጠማማው የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ነበሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ከመንገድ አይታዩም። የተረፈ ቤት ለከርሞ መጀመሪያ ነው። አደባባይ ላይ አንድ ሰዓት መትቶ የሚሄድ ቡድን መጀመሪያ ቤት የለውም። ይህን በልቡ ሲያሰላስል ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ እትዬ ቡንናምም በጭልፋው አገጫቸውን እየመቱ ጠበቁት።

"ለከርሞ በስንት ሰዓት ትመጣላችሁ?" አለ በመጨረሻ።

"በሦስት።"

"ሻማውን በሁለት ተኩል እለኩሳለሁ። ግን እትዬ ዶክሱን፣ አደራ፣ አትሩጡብኝ።"

አልሰማችውም። ትንሹን ነሐስ ብብቷ ሥር ወትፋ ቁልቁለቱን አጋምሳዋለች።