ለትርንጎ ስንጸልይ የተንኳኳው በር

ጅዳ ውስጥ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ በሚታፈስበት ሰሞን ነው። ጓደኛችንን ትርንጎን አሠሪዋ ማዳም «ወርቄን ሰረቀችኝ» ብላ አሳስራት፣ የዚያን ዕለት ሊፈረድባት ነበር። እኛም ሩዋይስ ሰፈር ባለችው ክፍላችን ተሰብስበን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «እመብርሃን፣ አስፈቻት» እያልን ስንሰግድ በሩ በኃይል ተንኳኳ።

ፖሊስ መስሎን አልጋውን ገፍተን በሩን ደገፍነው።

«ክፈቱልኝ፣ ትርንጎ ነኝ» አለ ድምፅ ከውጭ።

«ቤቱን እንድታሳይ አስገድደዋት ነው» አልኩ በሹክሹክታ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ታላቃችን እትዬ አበባ አማትበው ከፈቱ። ትርንጎ ብቻዋን ቆማለች።

«ማዳም ወርቁን እህቷ ቤት ረስታው ኖሯል፤ ዳኛው በነፃ ለቀቁኝ» አለችና፣ እያለቀስንም እየሳቅንም «ስንጸልይልሽ ነበር» እያልን ስናቅፋት አንድ በአንድ አየችን።

«ቆይ፣ እንድፈታ እየጸለያችሁ ስፈታ በር ትዘጉብኛላችሁ?»